ሉባባ አልገባትም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሽርጤን ይዤ ነው የሄድኩት። ታጥቦ የተተኮሰ፣ ሁለት ኪስ ያለው ሽርጥ። ቢሮው ሪያድ፣ ዑለያ ሰፈር ውስጥ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። በአሳንሰር የወጣሁት ሽርጤን ደረቴ ላይ አቅፌ ነው። በነዚያ ፎቆች ሥር በመኪና ስናልፍ ሽቅብ አይቻቸው አውቃለሁ እንጂ ገብቼባቸው አላውቅም ነበር።

የተቀጠርኩት አዲስ የሚመጡ ልጆችን እንዳሠለጥን ተብሎ ነው። ይህን ሥራ ደግሞ አውቀዋለሁ። ሱለይማኒያ ሰፈር በአንድ ቤት ብዙ ዓመት ስሠራ፣ የእመቤቴ እህቶችም ሆኑ የአጎቶቿ ልጆች ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ባስመጡ ቁጥር ልጅቷን መጀመሪያ ወደ እኔ ይልኳት ነበር። ጥቂት ቀን አብራኝ ትውላለች። ልብስ ማጠቢያውን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁን፣ ምንጣፉን አሳያታለሁ። ከዚያ ወደ ቀጣሪዎቿ ቤት ትሄዳለች። ስለዚህ ቢሮው እንደገባሁ ሽርጤን ታጠቅሁና «ልጆቹ የታሉ?» አልኩ።

እዚያ የነበረችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ኑፍ ትባላለች፤ የክፍሉ ኃላፊ፣ የእመቤቴም ዘመድ ናት። በዕድሜ ብበልጣትም ኡስታዛ፣ መምህርት እንደ ማለት ነው፣ እላታለሁ። እሷ ደግሞ በልጄ ስም ኡም ሐያት ትለኛለች፤ የሐያት እናት ማለት ነው። ሽርጤን አየችና ሳትስቅ ወንበር ሳበችልኝ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተቀምጧል።

«ልጆቹ እዚህ ውስጥ ናቸው፣ ኡም ሐያት» አለችኝ።

ቢሮው የሚሠራው በስልክና በኮምፒውተር የሚወሰድ ሥልጠና ነው። ልጆቹ ገና አገራቸው እያሉ፣ ከመሳፈራቸው በፊት፣ በየማሠልጠኛው ተቀምጠው ይማሩበታል። የሌሎቹ ቋንቋዎች አልቀው የአማርኛው ነበር የቀረው። ሥራው የሚሠራው በኤአይ ነው። አንዱ መሣሪያ ይጽፋል፣ አንዱ ሥዕል ይሠራል፣ አንዱ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉንም ገጣጥሞ ትምህርት ያደርገዋል። የእኔ ድርሻ ምን እንደሚያስፈልግ መንገርና የሰጡኝን ማረም ነበር።

«ኡስታዛ፣ እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው» አልኳት። ኋላ ከሚታወቅብኝ ከመጀመሪያው ብነግራት ይሻላል ብዬ ነው።

«መጻፍ ከከበደሽ ተናገሪው። ይሰማል» አለችና የማይክሮፎኑን ምልክት አሳየችኝ።

ተጫንኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አልኩት።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ምን ልርዳዎት?» አለኝ።

አንቱ አለኝ! ሪያድ ከገባሁ ጀምሮ አንቱ ያለኝ ሰው አልነበረም። ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

የመጀመሪያው ትምህርት ፍሪጅ ስለ ማጽዳት ነበር። ማሽኑን «ስለ ፍሪጅ ማጽዳት ትምህርት አዘጋጅልኝ» አልኩት። ወዲያው «የማቀዝቀዣ ንጽህና አጠባበቅ መሠረታዊ መርሆዎች» የሚል ርእስ ያለው ረጅም ነገር ጻፈልኝ። ግማሹ አልገባኝም። «እሺ፣ አላህ ይስጥልኝ» ብዬ ለኑፍ ወሰድኩላት።

«አንቺ ራስሽ ገብቶሻል?» አለችኝ።

«ትንሽ ከበድ ይላል።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልሽው? ለእሱም ሃዲር አልሽው?» ብላ ሳቀች።

ሃዲር «እሺ፣ ታዛዥ ነኝ» እንደ ማለት ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የምንማረው ቃል እሱ ነው፤ ብዙዎቻችን ሌላ ቃል ሳንጨምር ዓመት እንኖርበታለን። ኑፍ ልክ ነበረች። ለማሽኑም ሃዲር ብዬዋለሁ።

«እመቤትሽ አይደለም፤ አይቆጣሽም። አይሆንም በይው» አለችኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ «አይሆንም» አልኩት። «ይቅርታ፣ እንዴት ላስተካክለው?» አለኝ። ወላሂ፣ ያን ቀን «አይሆንም» ማለት እንዴት ጣፈጠኝ! ይጽፋል፣ አይሆንም እላለሁ፣ ይቅርታ ይለኛል፣ እንደገና ይጽፋል። ኑፍ ከመስታወት ግድግዳው ወዲያ ሆና ትስቅብኛለች።

ግን «አይሆንም» ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ገባኝ። ለአዲስ ልጅ «ፍሪጁን አጽጂ» ካልሻት፣ ምግቡን ውስጥ ትታ በሩን ከውጭ ትወለውልልሻለች። የቱን ጨርቅ፣ ከየት ጀምሮ፣ ምን ካወጣች በኋላ እንደሆነ መንገር አለብሽ። ማሽኑም እንደዚያው ነው። «የምትሰማህ ልጅ ፍሪጅ ከፍታ አታውቅም» አልኩት። «እጇ ላይ ያለው እርጥብ ጨርቅ ነው። ቆማለች፤ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋዋለች። አንድ ነገር ንገራትና እስክታደርገው ጠብቃት። በከተማ ሰው ቃል አትናገራት።»

በዚህ ጊዜ የመጣው ልክ እኔ ለልጆቹ የምናገረው ዓይነት ነበር። «መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይ። ነቀልሽ? አሁን ምግቡን አውጪ።» አጨበጨብኩ። ኑፍ ምን ሆነች ብላ ብድግ አለች።

ሥዕል የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ታኮ ጫማ አድርጋ ምንጣፍ የምታጥብ ሴት ሠራልኝ። የሪያድ ሳሎን ውስጥ የእሳት ማንደጃ አስገባ። አንዷን ልጅ ስድስት ጣት ሰጣት። ኑፍን ጠርቼ አሳየኋት።

«ለዚህ ሥራ ስድስት ጣት ቢኖራት ይጠቅማታል» አለችኝ።

እያንዳንዱ ትምህርት ሲያልቅ ስልኬን ይዤ ወደ ቢሮው ማዕድ ቤት እገባና ትምህርቱ ያለውን ብቻ አደርጋለሁ። ያላለውን አላደርግም። ስለ ምድጃ በተሠራው ላይ ማሽኑ መጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ ማለትን ረስቶ ኖሮ፣ በሚነድ እሳት ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። አስተካክዬ እንደገና ሞከርኩ። ተፈጥሮዬ ፍርሃት ነው። ቤቴን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የጋዝ ሲሊንደሩ መዘጋቱን የማይ ሰው ነኝ። ኑፍ አንድ ቀን «እኔ የቀጠርኩት ፍርሃትሽን ነው» አለችኝ። ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት።

ሥራው እንዲህ እየጣፈጠኝ ሳለ ሐያት ደወለች። ልጄ ያደገችው ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ ነው። ያን ሰሞን ሪያድ አቧራ ነበር፤ አቧራ ሲመጣ ደግሞ እኔን ሳል አይለቀኝም።

«አሁንም ሳል ነው እማ? ሐኪም ጋ አልሄድሽም?» አለችኝ። ቀጥላ «እንዳትቆጪ» አለች። እንዲህ ካለች ነገር አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«ተመዝግቤያለሁ። ሪያድ ልመጣ ነው።»

«ለምን ሥራ?»

«አንቺ ለሄድሽበት ሥራ።»

«ሐያት፣ እኔ የሄድኩት አንቺ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

«እና ሄድሽ፣ ሠራሽ፣ ደህና ነሽ። እኔም ልጅ አይደለሁም።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኳት። የእኔው ልጅ ናት፤ አልመለስ አለች። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ሥልጠናው በስልክ ነው አሉን። ከሪያድ አዲስ የአማርኛ ትምህርት ይመጣል ተብለን እየጠበቅን ነው» አለችኝ።

ያ ትምህርት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

እኔ እንደሠራሁት አልነገርኳትም። እሷ የምታውቀው ቢሮ ውስጥ ሻይ እንደማቀርብ ነው። ብነግራት «የእናቴ ነገር ነው» ብላ ሳትሰማ ታልፈዋለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለማሽኑ «የምትሰማህ ልጅ» ስል ፊቷን አውቀዋለሁ።

ከሁሉም ያስጨንቀኝ የነበረው የሃማም ትምህርት ነው። እዚህ መታጠቢያ ቤቱን ሃማም እንለዋለን። ሃማም የሚጸዳው በበረኪና ወይም በአሲድ ነው። ለየብቻቸው ያጸዳሉ፤ ከተገናኙ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ብዙው ሃማም መስኮት የለውም፤ ያለውም ለአቧራው ተብሎ እንደተዘጋ ይውላል። ሱለይማኒያ ከጎረቤታችን ቤት አንዲት ልጅ ተሸክመው ሲያወጡ አይቻለሁ። ይበልጥ እንዲያበራ ብላ ሁለቱን አንድ ላይ አፍስሳ ነው። ተርፋለች፤ ግን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ታርፍ ነበር። አስጠንቅቀዋት እንደነበር እመቤቷ ምላ ተናግራለች። እኔም አምናታለሁ። ልጅቷ ሃዲር ብላ ይሆናል።

ትምህርቱን አምሬ ሠራሁት። ሥዕሉ ጥሩ፣ ድምፁ ጥሩ፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄና «ገባኝ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ። አርብ ቀን ሙረባዕ ሰፈር ባለችው ክፍሌ እንደ እኔ ከአገር መጥተው ቤት የሚሠሩ ሴቶችን ሰብስቤ አስሞከርኳቸው። አርብ ዕረፍት ያላቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ዋናዋ ሰዓዳ ናት። የደሴ ዙሪያ ልጅ፣ ሱለይማኒያ የምትሠራ፣ ምላሷ የሚፈራ።

ሁሉም ሙሉ አገኙ። ሁሉም «ገባኝ»ን ተጫኑ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ለኑፍ በስልክ ላክሁላት፤ «ማሻአላህ፣ ኸላስ፣ አለቀ!» ብላ መለሰችልኝ።

ምሳ በላን። ሰዓዳ ዝም ብላ መቀመጥ አትወድም፤ «ሃማምሽን ልጠብልሽ» ብላ ገባች። የበረኪናው ሽታ መጣ። ከዚያ ከውስጥ ተጣራች።

«ፋጡማ! አሲዱን የት ነው የምታስቀምጪው?»

ሮጬ በሩን ያዝኩት። «ለምንሽ?»

«እንዲያብረቀርቅ ነዋ!»

«ሰዓዳ፣ አሁን ገባኝ ብለሽ ተጫንሽ!»

«እና አልገባኝም ልበል?» አለች፤ ጨርቁን እንደያዘች ወገቧን ይዛ። «አልገባኝም ያለች ልጅ ማን ቤት ስትቆይ አየሽ? ገባሽ ሲሉሽ ገባኝ ነው፣ ያላ፣ በይ ቀጥይ ብለው እንዲሄዱልሽ።»

«ጥያቄውንስ እንዴት መለስሽው?»

«ረጅሙን ነዋ። ከመልሶቹ ረጅሙ ሁልጊዜ ልክ ነው። አንቺ አላወቅሽም እንዴ?»

ሌሎቹ ሳቁ። እነሱም ያንኑ ነበር ያደረጉት። ስልኬን ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው፤ ማሽኑ ልክ የሆነውን መልስ ሁሉ አስረዝሞ ጽፎታል። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ሐያትን ነበር የማስበው፤ አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫን።

እሑድ፣ እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምርበት ቀን ነው፣ ቢሮ ስገባ ለኑፍ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም፤ ወንበሯ ላይ ተደገፈችና ጣሪያውን አየች። ትምህርቱ ወደ ማሠልጠኛዎቹ የሚላክበት ቀን ቀርቧል። እስከዚያ የተሻለ ነገር ካላገኘን ያለው እንዳለ ይሄዳል፤ የሐያትም ቡድን የሚማረው እሱን ነው።

መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አከበድናቸው፤ መልሶቹንም እኩል አስረዘምን። ሴቶቹ መልሱን በስልክ ተላላኩት። ቀጥለን አስፈሪ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ አሠራን። ወደዱት፤ እየሳቁ ለጓደኞቻቸው ላኩት። ስለ በረኪናው ስጠይቃቸው ግን የሚያስታውሱት ሙዚቃውን ነው።

በሚቀጥለው አርብ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ገና የመጣች ልጅ ነበረች። ነጭ አንሶላና ጥቁር ዓባያ አንድ ላይ ማጠቢያው ውስጥ ስትከት ሰዓዳ አየቻት።

«ኧረ ተይ! አንሶላውን ልታጠቁሪው ነው? ነይ ወዲህ!» ብላ ተነሣች። ልብሱን አስወጣቻት፣ ነጩን ለብቻ፣ ሱፉንም ለቀዝቃዛ ውኃ አስለየቻት፣ ዱቄቱን አስለካቻት። አዲሷ ልጅ ደግሞ ጠያቂ ናት።

«ሱፉ ለምንድነው በቀዝቃዛ የሚታጠበው?» አለቻት።

ሰዓዳ ሱፉን አገላብጣ አየችው። «ቆይ» ብላ ወደ እኔ መጣችና በጆሮዬ «ፋጡማ፣ ለምንድነው ሱፍ በቀዝቃዛ?» አለችኝ።

«በሙቅ ከታጠበ ይኮማተራል።»

ተመለሰች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይኮማተራላ! ይኼንንም አታውቂም?» አለቻት።

እኔ የምሠራውን ትቼ ቆምኩ። ሰዓዳ ጠየቀች! ያቺ ለእመቤቷ፣ ለእኔ፣ ለስልኩ ሁሉ ገባኝ የምትል ሴት፣ ታናሿ ፊት እንዳታፍር ብላ በራሷ እግር መጥታ ጠየቀች። እሑድ እስኪደርስ ጨነቀኝ።

ለኑፍ ስነግራት ገና ሳልጨርስ እጇን አነሣች። «ቆይ፣ ቆይ። ማሽኑ አስተማሪ መሆኑን እናስቀረው። አዲሷ ልጅ እሱ ይሁን!» ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። የፈለግሁት ያንን ነበር፤ አሳጥሬ መናገሩን ነው ያላወቅሁበት። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እናወራ ጀመር፤ እሷ በአረብኛ፣ እኔ ግማሹን በአማርኛ።

ስሟን ሉባባ አልናት። ትናንት የመጣች፣ ሃማም ውስጥ የቆመች፣ በአንድ እጇ በረኪና በሌላው አሲድ የያዘች ልጅ። ተማሪዋ አጭሩን ትምህርት ከሰማች በኋላ ሉባባ ትደውልላታለች። ተማሪዋም በራሷ አፍ ታስረዳታለች።

የከበደን ሉባባን ምንም እንዳታውቅ ማድረግ ነው። የመጀመሪያዋን ሉባባ እኔ አናገርኳት።

«እህቴ፣ እነዚህን ኬሚካሎች መቀላቀል ለጤና አደገኛ መሆኑን ልብ ይበሉ» አለችኝ።

«አይሆንም!» አልኩ። «ይቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ነው የመጣችው?»

እንደገና ነገርነው። ሁለተኛዋ ሉባባ ገና አንድ ቃል ስነግራት «በጣም አመሰግናለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ተረድቻለሁ» አለች። ኑፍ ራሷን ያዘች። «ይቺም ሃዲር ትላለች!» ስትል እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ ረጋ ብዬ እነዚያ ወደ እኔ ይላኩ የነበሩ ልጆች እንዴት እንደነበሩ ለማሽኑ ነገርኩት። «በአንዴ አትመን። ለምን ብለህ ጠይቅ። አገሬ እንዲህ አይደለም በል። ሰነፍ አትሁን፤ ሥራው እንዲያምር የምትጓጓ ሁን። ምክንያቱን እስኪነግሩህ እሺ አትበል።» ሉባባ ቀስ በቀስ ልጅ ሆነች። ከባድ የወሎ አነጋገር ሲገጥማት ትደነቃቀፍ ነበር፤ እሱንም አዲስ ስለሆነች ነው ብለን ተውነው።

አንድ ፍርሃት ቀረኝ። ተማሪዋ የተሳሳተ ብታስተምራትስ? «አዎ፣ ቀላቅያቸው» ብትላትስ? ኑፍ «ስሕተት ነው የሚል ጽሑፍ ይውጣ» አለች። እኔ ጽሑፍ አላመንኩም። ጭስ ውስጥ ያለች ልጅ ጽሑፍ አታወጣም፤ ትስላለች። ሉባባ ትሳል አልኩ። ተማሪዋ «ውጪ» እስክትላት ትሳል፤ ከዚያ ትምህርቱ እንደገና ይጀምር።

ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ ግን መሳል አልሆነለትም። አንዴ እንደ ሳቅ፣ አንዴ እንደ ሞተር አደረገው። አቧራ የነበረበት ሰሞን ስለሆነ ማይክሮፎኑን ያዝኩና እኔው ሳልኩ። ከልቤ ስለሳልኩ የቢሮው ሻይ አቅራቢ ውኃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ያው ሳል ገባ። ከትምህርቱ ሁሉ ማሽን ያልሠራው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ከመላኩ በፊት በነበረው አርብ ስልኩን ለሰዓዳ ሰጠኋት። ትምህርቱን እንደ ልማዷ አሳለፈችው። ሉባባ ደወለች።

«እህቴ፣ እመቤቴ ሃማሙ ይብራ አለችኝ። ሁለቱንም ላፍስሰው?»

«እንደፈለግሽ አድርጊ» አለች ሰዓዳ፣ ጥፍሯን እያየች።

«እሺ እህቴ፣ አፈሰስኩት። ውይ... ዓይኔን...» ሳሉ ጀመረ።

ሰዓዳ ቀና አለች። «ምን ሆንሽ? አንቺ! ሉባባ!» ሳሉ ባሰ። ሰዓዳ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ውጪ! ውጪ አልኩሽ! በሩን ክፈቺው! ፋጡማ፣ ይቺ ልጅ ልትሞት ነው፣ ምን ልበላት?»

«ትምህርቱ ላይ አለ» አልኳት።

ሰዓዳ ወደ ኋላ መለሰችው። ጆሮዋን ለጥፋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሌሎቹም ተሰበሰቡ። ሉባባ እንደገና ደወለች።

«ስሚ ሉባባ» አለች ሰዓዳ። «አሲዱን አስቀምጪ። ከሃማሙ አውጥተሽ አስቀምጪ።»

«ለምን? አገራችን በአንድ በረኪና ሁሉንም እናጥብ የለ?»

«አገርሽ አሲድ አለ እንዴ? ሁለቱ ሲገናኙ ጭሱ ሳንባሽን ነው የሚያቃጥለው! በሩን ክፍት አድርጊ። አንዱን ብቻ ተጠቀሚ። በውኃ አጥበሽው ውጪ።»

«እመቤቴ ሁለቱንም አድርጊ ካለችኝስ?»

ሰዓዳ ትንሽ አሰበች። «ሃዲር በያትና አንዱን ብቻ አድርጊ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ቀጥሎ ሁሉም ስልኩን ለእኔ፣ ለእኔ ይባባሉ ጀመር፤ እያንዳንዷ ሉባባን ልትቆጣት ፈለገች። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እጄን አፌ ላይ አድርጌ አያለሁ። ምሳው ቀዘቀዘ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም። ኋላ ሃማሙን ሊያጥቡ ሲገቡ አሲዱን ከመደርደሪያ አውጥታ በረንዳ ላይ ያስቀመጠችው ሰዓዳ ናት። ማንም አላዘዛትም።

ኑፍ ትምህርቱን በቀኑ ላከችው። አረንጓዴውን «ገባኝ» ቁልፍ አወጣነው።

የሐያት ስልክ እስኪመጣ ቢሮ ውስጥ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ስትደውል ድምፅዋ ቁጡ ነበር።

«እማ፣ ዛሬ ሉባባ ከምትባል ልጅ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የዋልኩት።»

«ማናት ደግሞ?» አልኩ፤ ድምፄን እንደምንም ይዤ።

«ማሽን ናት። ግን አታምኚም፣ ደረቅ ናት! ሁለቱን ካልቀላቀልኩ አለች። እኔም ቶሎ ልጨርስ ብዬ ቀላቅይው አልኳት። ከዚያ ስትስል...»

«ስትስል ምን?»

«እማ፣ ሳሉ ያንቺ ነው።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ያንቺ ሳል ነው። ስንት ጊዜ በስልክ ሰምቼው የለ እንዴ? ተነሥቼ እማ ውጪ ብዬ ጮህኩ፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ሻይ ነው የማቀርበው አላልሽኝም?»

ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ፣ ስትቆጣኝ፣ እንደገና ስትስቅ ሰማኋት። ልጠይቃት የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ገባሽ?» ልል አፌ ላይ ደረሰና ዋጥኩት።

«ሐያት» አልኳት፣ «እኔ ሉባባ ነኝ። ሃማም ውስጥ ቆሜያለሁ። በረኪናና አሲድ ይዣለሁ። ምን ላድርግ?»

«አይ እማ!»

«እማ የለችም። ሉባባ ናት።»

ሳቋ ቆመ። ጉሮሮዋን ጠረገችና «እሺ ሉባባ፣ ስሚኝ» አለች። ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳችኝ። ለምን አልኳት፤ ለምን እንደሆነ ነገረችኝ። አገራችን እንዲህ አይደለም አልኳት፤ ተቆጣችኝ። መጨረሻ ላይ «በሩን ክፍት ማድረግሽን እንዳትረሺ፣ እሺ?» አለችኝ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ነበር የምሰማት።

ሐያት አሁን ሪያድ ናት። አርብ አርብ ሙረባዕ ትመጣለች፤ ከሰዓዳ ጋር እኩል ያወራሉ። የሷን ነገር አሁንም ብፈራም፣ የሃማሙ ነገር ግን ከልቤ ወጥቷል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡት የምነግራችሁ ይህን ነው። መሣሪያዎቹ ይለዋወጣሉ፤ እኔ የጀመርኩባቸው ዛሬ የሉም። ማሽኑ የሰጣችሁን እጃችሁ ላይ ሳትሞክሩ አትላኩ። ተማሪዋን ገባሽ ብላችሁ አትጠይቋት። ለሌላ ሰው እንድታስረዳ አድርጓት፤ ከዚያ ስሟት።